ዙሪያው ሃያ ገመድ

ሚዛን አማን፣ ሰኔ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለሕዝቅያስ ሳህሉ፤ ጁባ

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ፣ ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷ እምቢ ቢላትም በምርኩዝ እየሄደች ቅዳሴ አይቀርባትም። ወንድሜ ብሩክም ሰላም ብሎሃል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። የመሬት ነገር ስለሆነ ነው። በስልክ የተባለውን ነገ «መቼ አልኩ?» ማለት ይቻላል። ይህን የሚያደርስልህ ዐብዱልጀባር ነው፤ አማን ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ። ጁባ ስለሚመላለስ መልሱንም በእሱ ላክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሬት ባለሙያዎች በቡና ለቀማው ወቅት ወደ ቀበሌያችን ይመጣሉ። አሮጌውን ደብተር ወስደው ካርታ ያለበት አዲስ ይሰጣሉ። በመሣሪያ ይለካሉ፣ ወሰን ይተክላሉ፣ ጎረቤትና ጎረቤት ይፈራረማል። ከተፈረመ በኋላ መመለስ የለም። የአባቴን ድርሻ የያዘው ብሩክ ስለሆነ ለራሱ ይፈርማል። እናትህ ወደ ወገኖቿ አገር ከሄደች ወዲህ ላንተ የሚፈርም የለም። ስለዚህ ለእኔ ውክልና ላክልኝ። ወረቀቱ በኤምባሲ የተረጋገጠ ይሁን ብለዋል።

የሚያከራክር ነገር የለውም። አያታችን ሲሞቱ «ለሁለቱ ልጆቼ እኩል» ብለው ነበር፤ አባቶቻችንም እንደ ቃላቸው አደረጉ። አባቴ ዓባይነህና አባትህ ሳህሉ ሽማግሌ አስቀምጠው በገመድ ዞሩት። ለእያንዳንዳቸው ዙሪያው ሃያ ገመድ ደረሰ። እስካሁን አንድ ቀን ክርክር ተነሥቶ አያውቅም።

አምላክ በሰው አገር አይጣልህ።

እህትህ የዓለምዘርፍ ዓባይነህ

ጁባ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽ እህቴ ለእትዬ ዓለም

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስሽ። ለእናትሽ ጉልበት አምላክ ምሕረቱን ይላክ። እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። የያዝነው ሆቴል አራት ፎቅ ነው፤ ሁለቱን ፎቅ ሴራሚክ አንጥፌ ጨርሻለሁ።

ውክልናውን እልካለሁ። ኤምባሲ ሰልፉ ቀን ሙሉ ስለሚፈጅ ሦስተኛውን ፎቅ ሳላስረክብ አለቃዬ አይለቀኝም። እስከዚያ ግን መሬቱ ካርታ ሲያገኝ ጠፍ መስሎ እንዳይታይ እፈልጋለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቡናው አርጅቷል። ብሩክ የዛሬ አራት ዓመት የእሱን አውጥቶ እንደ አዲስ ሲተክል ሁለት ሺህ አምስት መቶ ችግኝ እንደ ገባለት ነግሮኝ ነበር። መሬታችን እኩል ነውና እኔም ከቴፒ ሁለት ሺህ አምስት መቶ አዝዣለሁ። በዚህ ሳምንት ይደርስሻል። ሠራተኞቹ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አድርገው ይትከሉት።

የአጥር ሽቦም ልኬያለሁ። ገመዱ ሃያ ሜትር ነው፤ ሃያ ገመድ ሲሆን አራት መቶ ሜትር። በሦስት ዙር እንዲሆን ሦስት እጥፍ አድርጌዋለሁ።

ያን ገመድ ጋሽ ማቴዎስ አሁንም ቤታቸው ሰቅለውት ይሆን? ልጅ ሆነን ስንነካው እንዴት ይቆጡን እንደ ነበር! «በዚህ ነው አባቶቻችሁን ያካፈልኩት፣ እናንተ ፍየል ልታስሩበት?»

ወንድምሽ ሕዝቅያስ

ሚዛን አማን፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሕዝቅያስ

ሰላም ላንተ ይሁን። ክረምቱ ዘንድሮ በርትቷል፤ ከእኛ ቤት እስከ ማሳው ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። አልተሰበርኩም።

ያዘዝከው ሁሉ ተፈጽሟል። ሽቦው ልክክ አለ፤ ከመጀመሪያው ቋሚ ተነሥቶ ዞሮ እዚያው ቋሚ ላይ አለቀ። ጋሽ ማቴዎስ አይተው «የእኔ ገመድ አይዋሽም» አሉ። ችግኙም ተተክሏል። የተረፈውን በፕላስቲኩ ውስጥ ከሚደርቅ ብለን ለጎረቤት አካፈልነው።

ውክልናውን አትርሳ። ባለሙያዎቹ ኅዳር 25 እንደሚመጡ ተነግሮናል።

እህትህ የዓለምዘርፍ

ጁባ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ ዓለም

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ፤ ዓመቱን የጤና ያድርግልን።

ስለ ደከምሽልኝ ድካም ምስጋናዬ ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «የተረፈውን» ብለሽ አልፈሽዋል። ስንት ነው የተረፈው? ዐብዱልጀባርን ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ኧረ ወንድሜ፣ ለእኔ አማት እንኳ መቶ ደርሷታል! ቀበሌው በሙሉ አንተን ሲመርቅ ነው የከረመው» አለ። ሠራተኞቹ ስንት እንደ ሆነ ነግረውታል። ዘጠኝ መቶ።

መጀመሪያ አራርቀው ተክለውት ነው ብዬ ተናደድኩ። ደግሞ አሰብኩት። ሁለት ሜትር የሚለካ እንጨት ይዘው እንደ ተከሉ ዐብዱልጀባር በዓይኑ አይቷል።

እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ስሕተት ሠርቼ ነበር። አዳራሽና ኮሪደር ተሰጠኝ። መጀመሪያ ከግድግዳው ግርጌ የሚሄደውን ዞኮሎ ለካሁ፤ ለሁለቱም አርባ አርባ ሜትር ሆነ። ዞኮሎው እኩል ከሆነ የወለሉም ሴራሚክ እኩል ነው ብዬ ለሁለቱም እኩል ካርቶን አስመጣሁ። አዳራሹ ሁሉንም በላ። በኮሪደሩ ከሲሶ በላይ ተረፈ። አለቃዬ ካርቶኑን በጀርባዬ እያሸከመ ወደ መጋዘን አስመለሰኝና «ዞኮሎ በሜትር ነው፣ ወለል በካሬ ነው፤ ይህን ሳታውቅ ነው ባለሙያ የተባልከው?» አለኝ።

የእኛ መሬት ቀጭን እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ወንዙ ስንሮጥ ይደክመን ነበር፤ ወደ ጎን ግን ድንጋይ ብወረውር የእናንተ ቡና ውስጥ ያርፋል።

የሁለቱንም መሬት ጎኖች ለክተሽ ጻፊልኝ። ዙሪያውን አይደለም። እያንዳንዱን ጎን።

ወንድምሽ ሕዝቅያስ

ሚዛን አማን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሕዝቅያስ

በመዘግየቴ ይቅርታ። ዐብዱልጀባር ሁለት ጊዜ ሲሄድ ባዶ እጁን ሸኝቼዋለሁ። ትምህርት ተከፍቶ በአንድ ክፍል ሰባ ሁለት ተማሪ ነው የሰጡኝ። ወንበር የሌለው መስኮት ላይ ይቀመጣል። እናቴም ታማብኝ ነበር። የመስቀል ዕለት ደመራውን ሳታይ ቀረች፤ ከዚያ በኋላ ተሽሏታል። ቡናው ዘንድሮ ቶሎ ቀልቷል፤ ብሩክ ለቃሚ ፍለጋ ይዞራል። ዝናቡ ሳያቆም ስለ ቀላ ማድረቁ ያስቸግራል ይላሉ።

የጠየቅከው፦ ያንተ ርዝመቱ ስምንት ገመድ፣ ወርዱ ሁለት። የብሩክ አምስት በአምስት። ሁለቱም ዙሪያቸው ሃያ ነው።

ውክልናው በዚህ ወር ካልደረሰ ባለሙያዎቹ «ባለቤቱ ያልቀረበ» ብለው ጽፈው ያልፋሉ። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።

የዓለምዘርፍ

ጁባ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓለም

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለእናትሽም ምሕረት ይውረድ።

ጎኖቹን ስላወቅሁ አሁን ነገሩን መናገር እችላለሁ። የብሩክ መቶ ሜትር በመቶ ሜትር፤ አሥር ሺህ ካሬ። የእኔ መቶ ስድሳ በአርባ፤ ስድስት ሺህ አራት መቶ። በሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ለእሱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ችግኝ ይገባል፤ ለእኔ አንድ ሺህ ስድስት መቶ። ልዩነቱ ዘጠኝ መቶ። ከዐብዱልጀባር አማት ጀምሮ የተከፋፈላችሁት እሱን ነው። እኩል እንዲሆን ከብሩክ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ካሬ ወደ እኔ መምጣት አለበት።

እዚህ ላይ ባቆም «መሬት ፈልጎ ነው» ትይኛለሽ። ልጨምርበት።

አባቴ በቀበሌው ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር ታውቂያለሽ። ሰነፉ ሳህሉ። ጋሽ ዓባይነህ ሃያ አምስት ጆንያ ሲያገባ አባቴ አሥራ ስድስት ያገባል። መሬቱ እኩል ነው፣ ዝናቡ አንድ ነው፣ ቡናው ከአንድ ዘር ነው። እንግዲህ የቀረው ሰውዬው ነው። ሰዉ ይህን አለ፤ እናቴም አለችው። እኔም አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ከልጆች ጋር ተጣልቼ መጥቼ «አንተ ሰነፍ ስለሆንክ ነው የሚሰድቡኝ» ብዬዋለሁ። እሱም ገጀራውን አንሥቶ ሲመነጥር ዋለ።

አባቴ ሰነፍ አልነበረም። ከወንድሙ በዘጠኝ መቶ እግር ያነሰ ቡና ነው የነበረው።

ስለዚህ ውክልናውን ልልክልሽ የምችለው ኅዳር 25 ቀን ይህን በሽማግሌ ፊት እንደምትናገሪ ካወቅሁ ነው። አንቺ ሒሳብ አስተማሪ ነሽ። ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰማሉ።

ሕዝቅያስ

ሚዛን አማን፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕዝቅያስ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህን ለማንም አላሳየሁም።

ማንም ማንንም አላታለለም፤ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ። አያቶቻችን በመጡበት አገር መሬት የሚለካው በጥማድ ነው፤ በሬዎቹ በቀን ያረሱትን ያህል። እዚህ ቡና ውስጥ በሬ አይገባም። ስለዚህ ገመድ ያዙና ዞሩት። ዙሪያው እኩል ሲሆን ሁሉም መረቀ፣ እርድ ታረደ፣ ተበላ። ቀጭኑን የመረጠው አባትህ ራሱ ነው፤ መንገድ ስለሚነካ። መኪና በራፉ ላይ ይቆማል። አባቴ ጆንያውን በትከሻው እስከ መንገዱ ሲያወጣ ነው የኖረው። ብሩክ ይህን ሳያነሣ የሚቀር ይመስልሃል?

ደግሞ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ካሬ ስትል ቀላል ነው። ከሚያዋስናችሁ ከመቶ ሜትሩ ጎን ላይ አሥራ ስምንት ሜትር ወደ ውስጥ መግባት ማለት ነው። ብሩክ የዛሬ ሁለት ዓመት የሠራው ቤት እዚያ ላይ ነው፤ በላይኛው ጥግ። አሥራ ስምንቱ ሜትር በመኝታ ቤቱ መካከል ያልፋል።

ነገሩን ከሩቅ አድርጌ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «መሬቱ እኩል ባይሆን ምን ይደረጋል?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ነው እኩል አይደለም ያለው?» አለች። «እንዲያው ነው» አልኩ። «እንዲያው ከሆነ እንዲያው ይቅር» አለችኝ። እሷን የሚያበላት፣ ሐኪም ቤት የሚወስዳት ብሩክ ነው። እኔ የመምህር ደመወዝ ነው ያለኝ።

አንተ ጁባ ነህ። ተናግሬ የምውለው የማድረው እዚሁ ነው።

ውክልናውን ላክ ወይም አትላክ፤ ራስህ እወቅ።

የዓለምዘርፍ

ጁባ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ

ውክልናው ከዚህ ጋር አለ። ማኅተሙን እዪው። ቅድመ ሁኔታ አልጻፍኩበትም፤ እንደ ፈለግሽ መፈረም ትችያለሽ።

የብሩክን ቤት አላፈርስም። እዚህ ወለሉ ከግድግዳው ጋር አልገጥም ሲል ሴራሚኩን በሰያፍ እንቆርጠዋለን። ወሰኑም ቀጥ ብሎ መሄድ የለበትም። ከላይኛው ጥግ ከቤቱ አጠገብ ምንም ሳይነካ ይነሣና፣ ወደ ወንዙ እየወረደ ይስፋ፤ ታች ሲደርስ ሠላሳ ስድስት ሜትር ይሁን። ሦስት ማዕዘን ነው። መቶ ሲባዛ በሠላሳ ስድስት፣ ለሁለት ሲካፈል፦ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ቤቱ ከእነ ጓሮው ለብሩክ ይቀራል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ስለ ችግኙ ስጽፍልሽ አልደነገጥሽም። ጎኖቹን ስትጽፊልኝ በገመድ ጻፍሽልኝ እንጂ አላባዛሽም፤ ለአምስተኛ ክፍል የምታስተምሪውን። መቼ ነው ያወቅሽው?

ሕዝቅያስ

ሚዛን አማን፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሕዝቅያስ

ሰላም ለአንተ ይሁን። የሆነውን እንደ ሆነ እጽፍልሃለሁ።

የመጣችው ባለሙያ ሰርካዲስ የምትባል ልጅ ናት። መሣሪያዋን ይዛ ሁለቱንም ዞረችና ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ አነበበች። «የአቶ ብሩክ አንድ ሄክታር። የአቶ ሕዝቅያስ ዜሮ ነጥብ ስድሳ አራት። ተስማምታችኋል?»

«ተስማምተናል» አለ ብሩክ፤ ለእኔም ጭምር።

«እኔ አልተስማማሁም» አልኩ።

ብሩክ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። «መሣሪያው ተሳሳተ በያ!»

«መሣሪያው አልተሳሳተም። አካፋፈሉ ነው የተሳሳተው።»

ጋሽ ማቴዎስ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ገመድ የያዝኩ እኔ ነኝ። ሃያ እዚህ። ሃያ እዚያ። እኔ ቆጥሬያለሁ፣ አባትሽ ቆጥሯል፣ ሳህሉ ቆጥሯል።»

«ቆጠራው ልክ ነው ጋሽ ማቴዎስ። ቡናው ግን የሚበቅለው ገመዱ ላይ አይደለም፤ ውስጡ ነው።»

«መምህርት፣ እዚህ ጥቁር ሰሌዳ የለም» አለ ብሩክ። ሰው ሳቀ። እኔም ሰሌዳ እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ስለዚህ ብሩክ ቡና ወደሚያሰጣበት አልጋ ወሰድኳቸው። ሃያ ስንዝር ሲባጎ ለክቼ ጫፍና ጫፉን ቋጠርኩ። አልጋው ላይ መጀመሪያ አምስት በአምስት አድርጌ በአራት ችንካር ወጠርኩት። «እንደምታሰጡት ሙሉት፤ ቡና በቡና ላይ ሳይደራረብ» አልኩ። ጋሽ ማቴዎስ ሌላ ሰው አላስነኩም። በቲማቲም ጣሳ ቀዩን ቡና እየሰፈሩ፣ በመዳፋቸው እየደለደሉ ሞሉት። ሃያ አምስት ጣሳ ሊሞላ ጥቂት ጎደለ። ከዚያ ያንኑ ሲባጎ፣ ቋጠሮውን ሳልፈታ፣ ስምንት በሁለት አድርጌ ወጠርኩት። አሥራ ስድስት ጣሳ ገብቶ ጥቂት ፍሬ ተረፈ።

«ድገሚው» አሉ። «ቋጠሮውን እኔ ልቋጥር።»

ደገምነው። ያው ሆነ።

ጋሽ ማቴዎስ ጣሳውን እንደ ያዙ ቆሙ። ሰው ሁሉ የሚያየው እሳቸውን ነበር። «ሳህሉ ከእኔ ቀድሞ ነበር ማሳ የሚወርደው» አሉ። «ጠዋት ስወጣ የገጀራውን ድምፅ እሰማለሁ። እኔም ሰነፍ ብዬዋለሁ። በእኔ ገመድ ነው የተሰደበው።» ይህን በቀበሌው ፊት ነው ያሉት። የፈለግኸው ይህ ከሆነ ተፈጽሟል።

ብሩክ ግን አልተቀመጠም። «መንገዱስ? መንገዱ አይቆጠርም? አባቴ ወገቡ የጎበጠው በምን ነው?» እስከ እኩለ ቀን የተጨቃጨቁት በዚህ ነው። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ከብሩክ ጋር ነበሩ። በመጨረሻ ጋሽ ማቴዎስ «አያታቸው እኩል አለ እንጂ መንገድ አላለም። መንገዱ ያኔ የበቅሎ መንገድ ነበር» አሉና ተቆረጠ። ያንተን ሦስት ማዕዘን ነገርኳቸው። ሰርካዲስ ነጥቡን ወስዳ ታች ወንዙ ዳር ሠላሳ ስድስተኛው ሜትር ላይ ችንካር አስተከለች። ሁለቱም ዜሮ ነጥብ ሰማንያ ሁለት ሆኑ።

ጋሽ ማቴዎስ አላመኑም። ቤታቸው ሄደው ገመዳቸውን አመጡና አዲሱን ወሰን ሁለቱንም ዞሩ። የብሩክ አሥራ ስምንት ገመድ ተኩል፣ ያንተ ሃያ ሁለት። «አሁን ደግሞ ገመዱ እኩል አልሆነም!» ብሎ ብሩክ ጮኸ። አንዳንዱም «እውነት ነው፤ ተበድሏል» ማለት ጀመረ። እሳቸው ገመዱን እየጠቀለሉ «አይሁን» አሉ።

ብሩክ ፈረመ። እኔም ባንተ ስም ፈረምኩ። ብዕሩን ስመልስለት ሰው ሁሉ እየሰማ «አባባ በሕይወት እያለ ታውቂ ነበር?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ እሱ ከቤት ይወጣል። እናቴ የሰጠኋትን ትቀበላለች፤ አታናግረኝም።

ለእሱ ያልመለስኩትን ለአንተ እመልሳለሁ።

መስከረም 1999 ዓ.ም. ነው። ያስተማርኩበት የመጀመሪያው ዓመት። አምስተኛ ክፍል ዙሪያና ስፋት ይማራል። ምሳሌ ፍለጋ ሳስብ የአባቶቻችን መሬት መጣልኝ፤ ሁለቱም ዙሪያቸው ሃያ። ተማሪዎቹ ከእረፍት ሳይመለሱ ሰሌዳው ላይ ሣልኳቸው፤ አምስት በአምስት፣ ስምንት በሁለት። አባዛሁ። ሃያ አምስትና አሥራ ስድስት አልኩ። ቆሜ አየሁት። ከተማሪዎቹ ውስጥ የእናንተ ጎረቤት ልጆች ነበሩ። አጠፋሁት።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ነገርኩት። መሬት ላይ በእንጨት ሥዬ አሳየሁት። «ሳህሉ ጠይቆሻል?» አለኝ። «አልጠየቀኝም» አልኩ። «እንግዲያው ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ» አለና ሥዕሉን በእግሩ አጠፋው። አልመለስኩም። ከዚያ በኋላ ያንን ትምህርት በየዓመቱ ሳስተምር ሌላ ቁጥር ነው የምወስደው።

በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የዓለምዘርፍ

ጁባ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት የዓለምዘርፍ ዓባይነህ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ለእናትሽ ጤናዋን ይመልስላት።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋሽ ማቴዎስ ያሉትን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። ሰማችና ድገምልኝ አለችኝ። ለዚህ አመሰግንሻለሁ። ወንድምሽን ፊት ለፊት መናገርሽ ቀላል እንዳልነበር አውቃለሁ።

ግን 1999 ብለሻል። አባቴ ያረፈው ጥር 2005 ነው። በመካከሉ ስድስት ፋሲካ አለ። ስድስቱንም ከእኛ ጋር ነው የፈሰክሽው፤ ከእሱ ጎን ተቀምጠሽ። በአንዱ ፋሲካ፣ የትኛው እንደ ሆነ ጠፍቶብኛል፣ «የወንድሜ እጅ የተባረከ ነው፤ የእኔ ምን እንደ ነካው እንጃ» አለ። አጠገቡ ነበርሽ። ውኃ ቀድተሽ ሰጠሽው።

አባትሽ ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ ብሎሻል። አባቴ ያን ቀን ጠይቆሽ ነበር።

በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን ቡና ዘንድሮ ብሩክ ይልቀመው። የተከለው እሱ ነው። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የእኔ ሠራተኞች ይገባሉ።

ባለፈው ሰኞ ኤምባሲ ሄጄ ውክልናሽን ሽሬያለሁ። አዲሱ በጋሽ ማቴዎስ ስም ነው፤ ከዚህ ጋር አለ። ዐብዱልጀባርን ወደ እሳቸው ቤት አልላክሁትም። አንቺ በእጅሽ ስጪያቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ ስምሽ የተሻረበትንም።

ሕዝቅያስ ሳህሉ